ዶልፊን መረቡን ለምን አይሰማውም?

ሜሮን ሀዋሳ
ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የጠየቀችኝን ላካፍላችሁ። «ዶልፊን ጨለማ ውስጥ በድምፅ ብቻ ትንሽ ዓሣ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያን የሚያህል መረብ እንዴት አያገኘውም?» አለችኝ። መልሱ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም።

መጀመሪያ ስለ ድምፃቸው የማውቀውን ልበል። ዶልፊን ፉጨት አለው፣ ጠቅታም አለው። በፉጨቱ እርስ በርስ ይግባባል። ጠቅታውን ደግሞ ወደ ፊት ይልከዋል። ድምፁ አንድ ነገር ሲመታ ይመለሳል፤ ዶልፊኑ በዚያ የገደል ማሚቶ ከፊቱ ያለውን ያውቃል። ድምፁ የሚወጣው ከጉሮሮው አይደለም። አናቱ ላይ ካለው መተንፈሻ ቀዳዳ ሥር ከንፈር የሚመስሉ ሥጋዎች አሉ፣ ከነሱ ነው የሚወጣው። ግንባሩ ላይ ያለው ስብ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ፊት ይመራዋል። የሚመለሰውን ድምፅ በታችኛው መንጋጋው ተቀብሎ ለጆሮው ያደርሳል። እኛ የምንሰማው እስከ 20 ኪሎኸርትዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 20 ሺህ ንዝረት፣ ገደማ ነው። ቦትልኖዝ የሚባለው ዶልፊን ግን እስከ 150 ድረስ ይሰማል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ፉጨቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮልድዌል የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እያንዳንዱ ዶልፊን የራሱ ፉጨት እንዳለው ጻፉ። ግልገሉ ገና በሕፃንነቱ ያበጀዋል፣ ከዚያ በኋላ መለያው ሆኖ ይኖራል። በ2013 ስቴፋኒ ኪንግ እና ቪንሰንት ያኒክ ስኮትላንድ ባሕር ላይ ይህን ፈተሹ። የዶልፊኖቹን ፉጨት አስመስለው መልሰው አሰሟቸው። ዶልፊኑ የራሱን ፉጨት ሲሰማ «አቤት» እንደማለት በዚያው ፉጨት መለሰ። በዚያው ዓመት ጄሰን ብሩክ ሌላ ነገር አሳየ። ከተነጣጠሉ 20 ዓመት ያለፋቸው ዶልፊኖች የድሮ ጓደኛቸውን ፉጨት ዛሬም ይለያሉ።

እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው እንስሳ ነው በመረብ ተይዞ የሚያልቀው። ዓሣ ነባሪዎችንና ሌሎች ዘመዶቹን ጨምሮ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 300,000 ገደማ በዚህ መንገድ ይሞታሉ ተብሎ ይገመታል። ዶልፊን የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። መረብ ከያዘውና ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል።

እስቲ የምታውቁትን ጨምሩበት።

ኪያ ሳውንድ
መምህርት፣ ተማሪሽ ጎበዝ ናት። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ በድምፅ ሥራ ነው የምተዳደረው። ከድምፅ በኩል ልሞክር።

ድምፅ የሚመለሰው ከውሃው የተለየ ነገር ሲያገኝ ነው። አየር በጣም የተለየ ነው። ዓሣ ሆዱ ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት ስላለው ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። የናይለን ክር ግን ቀጭን ነው፣ ክብደቱም ከውሃ ብዙ አይለይም። ጠቅታው አልፎት ይሄዳል። መረቡ ላይ የሚሰማው ከላይ ያለው ተንሳፋፊና ከታች ያለው እርሳስ ነው። መሃሉ ባዶ ውሃ ይመስላል። ያ ባዶ የመሰለው ቦታ ላይ ደግሞ የተያዘ ዓሣ አለ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ዶልፊኑ የሚሰማው ምሳውን ነው።

ሜሮን ሀዋሳ
ኪያ፣ በትክክል ነው ያስቀመጥከው። አንድ ነገር ልጨምር። ዶልፊን ሁልጊዜ ጠቅታ አይልክም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዓሣ ሲያባርር ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ ዓሣው ላይ ነው። ፖርፖይዝ የሚባሉት ትንንሾቹ ዘመዶቹ ላይ በተደረገ ሙከራ መረቡን የሚለዩት ጥቂት ሜትሮች ሲቀራቸው ብቻ ነው። በፍጥነት ለሚዋኝ እንስሳ ያ ርቀት ምንም አይደለም።

ሀብታሙ 77
ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ዝዋይ ላይ ዓሣ እያጠመደ ነው ያሳደገን። ስለ ዶልፊን ሲወራ ሁልጊዜ ጥፋተኛው ዓሣ አጥማጁ ነው የሚሆነው። እሱ ልጆቹን ሊያበላ ነው የሚወጣው። ዶልፊን ሊይዝ የወጣ አለ እንዴ? ዶልፊን ሲገባበትኮ መረቡም ይቀደድበታል።

ዳዊት ናንት
ሀብታሙ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። አብዛኛው ዓሣ አጥማጅ ዶልፊኑን አይፈልገውም። እኔ የምኖረው በፈረንሳይ ምዕራብ ዳርቻ ነው። ይህ ነገር በአካባቢዬ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ የሚባለው ከፈረንሳይ ምዕራብ እስከ ሰሜን ስፔን ያለው ውሃ ነው። በብርዱ ወራት አንቾቪና ሳርዲን ወደ ዳርቻው ሲጠጋ የተለመደው አጭር አፍንጫ ዶልፊን ይከተለዋል። ዓሣ አጥማጆቹም ባስ እና መርሉ የሚባሉትን ዓሣዎች ፍለጋ እዚያው ናቸው። ውጤቱ በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አሸዋው ላይ ይታያል። የሞቱ ዶልፊኖች ማዕበሉ ያወጣቸዋል። የብዙዎቹ ቆዳ ላይ የመረብ ጭረት አለ። አንዳንዶቹ ከመረብ ለማላቀቅ ሲባል ክንፋቸው ወይም ጭራቸው ተቆርጧል። ላ ሮሼል ያለው ፔላጂስ የሚባል የምርምር ተቋም ይቆጥራቸዋል፣ ይመረምራቸዋልም። ዳርቻ የሚደርሱት ከሞቱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ይሰምጣል ወይም ነፋሱ ወደ ውቅያኖሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በነፋስና በሞገድ ስሌት ወደ ኋላ ሄደው ሲያሰሉት ቁጥሩ በዓመት ሺዎች ይሆናል።

የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት መንግሥትን ከሰሱ። በመጋቢት 2023 ኮንሴይ ደታ የሚባለው የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አንዳንድ አካባቢዎች በተወሰነ ወቅት እንዲዘጉ ወሰነ። ከጃንዋሪ 22 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024 ከ8 ሜትር በላይ የሆኑ፣ ለዶልፊን አደገኛ መረብ የሚጠቀሙ ጀልባዎች ሁሉ ቆሙ። የፈረንሳይ ብቻ ወደ 300 ጀልባ ነው። የውጭ አገር ጀልባዎችም ተከለከሉ። ዓሣ አጥማጆቹ በጣም ተቆጡ፣ እኔም ቁጣቸው ገብቶኛል። መንግሥት ካሳ ከፈለ። በዚያ ዓመት የሞቱት ዶልፊኖች ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ቀነሱ። በ2025ም ተደገመ።

እኔ እንደሚታየኝ ዓሣ አጥማጁን ጥፋተኛ ማድረግ ምንም አይፈይድም። አንድ ወር አቁም ስትለው የዚያን ወር እንጀራውን ስጠው። በቃ። ካሳ የሌለበት ክልከላ ግን ሰውየውን ለሊት ተደብቆ እንዲወጣ ነው የሚያደርገው።

ሀብታሙ 77
አመሰግናለሁ ዳዊት። ካሳ መኖሩን አላውቅም ነበር። ቀጭን ናይለን መረብ ምን እንደሚያደርግስ እኛም አይተናል። ጣና ላይ ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ ከመጣ በኋላ ትንሽ ትልቅ ሳይል ዓሣውን ጠራርጎ እያወጣው ነው።

የቀይ ባሕር ሰው
ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አለኝ። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ የባሕር ኃይል ውስጥ አገልግያለሁ። ዳህላክ አካባቢ ስንሄድ ዶልፊኖች ከመርከቡ አፍንጫ ፊት እየዘለሉ ይመሩን ነበር። ሌሊት ከታች ተኝተን በብረቱ በኩል ፉጨታቸውን የሰማንበት ጊዜ አለ። ያኔ ስም እንዳላቸው ማን ያውቃል። ሜሮን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናት ከግልገሏ ስትለይ ትጠራዋለች?

ሜሮን ሀዋሳ
ጋሼ፣ አዎ፣ ትጠራዋለች። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከ1970 ጀምሮ ራንዳል ዌልስና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ዶልፊኖች ትውልድ በትውልድ ይከታተላሉ። ለጤና ምርመራ ለአጭር ጊዜ ይይዟቸዋል፣ ከዚያ ይለቋቸዋል። በተያዙበት ሰዓት ግንባራቸው ላይ የሚለጠፍ የውሃ ማይክሮፎን ያደርጉላቸዋል። ዶልፊኖቹ ያን ጊዜ ሳያቋርጡ የራሳቸውን ፉጨት ያፏጫሉ። «እኔ እዚህ ነኝ» እንደማለት ነው። ላይላ ሳዪግ የምትባል ተመራማሪ ከነዚህ ቅጂዎች 19 እናቶችን ለይታ አጠናች። በ2023 የወጣው ጥናት እናቶቹ ግልገላቸው አጠገባቸው ሲሆን ያንኑ ፉጨታቸውን ከፍ አድርገው፣ በሰፊው እያወጡና እያወረዱ እንደሚያፏጩ አሳየ። እኛም ሕፃን ስናባብል ድምፃችንን እንዲሁ እናደርጋለን።

ጋሼ፣ ይህ ጥያቄዎ ከመረቡ ጋርም ይገናኛል። ቱና የሚያጠምዱ መርከቦች ዶልፊን ሲያባርሩ ግልገል ከእናቱ ይለያል። ሌላ ሰው ስለዚህ የሚያውቅ ካለ ይጻፍበት።

ሳራ ዱባይ
እኔ ልጻፍ። እዚህ ሱፐርማርኬት ቱና ስገዛ ቆርቆሮው ላይ የዶልፊን ምስል አያለሁ። አንዳንድ የአገራችን ልጆች የዶልፊን ሥጋ ነው ብለው ይሸሹታል። አይደለም። «ይህ ቱና ሲጠመድ ዶልፊን አልተጎዳም» የሚል ምልክት ነው። ከየት እንደመጣ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

በምሥራቅ ፓሲፊክ፣ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ባለው ባሕር፣ ቢጫ ክንፍ ያለው ትልቁ ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር ነው የሚዋኘው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መርከቦቹ ይህን ዘዴ ያዙ። ዶልፊኖቹን በፈጣን ጀልባ ያሳድዳሉ፣ በትልቅ መረብ ዙሪያቸውን ይከባሉ፣ ከዚያ የመረቡን የታች አፍ በገመድ ይሰበስባሉ። ቱናውም ዶልፊኑም አብሮ ውስጥ ይቀራል። በ1960ዎቹ በዓመት በመቶ ሺዎች ዶልፊን ይሞት ነበር። በጠቅላላው ከ6 ሚሊዮን በላይ አልቋል። አሜሪካ በ1972 ሕግ አወጣች። ሕዝቡ በደንብ የተነሳው ግን በ1988 ነው። ሳም ላባድ የሚባል ሰው መርከብ ላይ ተቀጥሮ በድብቅ የቀረጸው ፊልም ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ከዚያ በ1990 ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዶልፊን ከብቦ የተጠመደ ቱና አንገዛም አሉ። ምልክቱ የመጣው ያኔ ነው።

ሀብታሙ፣ አንተን ደስ የሚያሰኝ ነገርም አለው። ዶልፊኖቹ ከመረቡ እንዲወጡ የረዳውን ዘዴ የፈጠሩት ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። መርከቡን ወደ ኋላ ይነዳሉ፣ የመረቡ የጫፍ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ዶልፊኖቹ በላዩ ያልፋሉ። እዚያ ጫፍ ላይ አፍንጫቸው እንዳይሰካ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ሰፉበት። ዓለም አቀፍ ስምምነትና በየመርከቡ ታዛቢ ሲጨመርበት፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ2,000 በታች ሆኑ።

መምህርት ያነሳችው ግልገል ጉዳይ ግን አለ። ተመራማሪዎች በመረብ ውስጥ የሞቱ እናቶችን ሲመረምሩ ጡታቸው ወተት አለው፣ የብዙዎቹ ግልገል ግን ከጎናቸው የለም። በማሳደዱ ተለይተዋል። እነዚህ ግልገሎች ከሟቾቹ ቆጠራ ውስጥ አልገቡም። የመንጋዎቹ ቁጥር እንደታሰበው ቶሎ ያላገገመበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ምልክት ስመለከት ሙሉ መልስ ነው ብዬ አላስብም።

ኪያ ሳውንድ
ሳራ፣ እዚያ አንቺ ባለሽበት በሕንድ ውቅያኖስስ?

ሳራ ዱባይ
እዚህ የከፋ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ችግር የሚከብ መረብ አይደለም። ውሃ ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል፣ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የቱና መረብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን በዓለም አቀፍ ውሃ ላይ ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ እንዲቆም ጠይቆ ነበር። አሁንም ይጣላል። በ2020 የታተመ ጥናት ከ1950 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዚህ መረብ 4.1 ሚሊዮን ዶልፊኖችና ትንንሽ ዓሣ ነባሪዎች እንደተያዙ ገመተ። ኢራን፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሕንድ፣ ስሪላንካ፣ ፓኪስታን፣ ኦማን፣ የመን፣ ኤምሬትስ እና ታንዛኒያ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። እኛ በየቀኑ የምናየው ባሕር ማለት ነው።

ፓኪስታን ውስጥ ግን ጥሩ ነገር ተሠርቷል። መረቡን ውሃው ላይ ማንሳፈፍ ትተው 2 ሜትር ያህል ዝቅ አደረጉት። የሚያስፈልገው ከተንሳፋፊው እስከ መረቡ ያለውን ገመድ ማስረዘም ብቻ ነው። የሚያዙት ዶልፊኖች ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሱ። ውድ መሣሪያ የለው፣ ባትሪ የለው። ለድሃ ዓሣ አጥማጅ የሚሆን መፍትሔ እንዲህ ያለ ነው።

በላይ ኤም
መረቡ ላይ የሚንጠለጠል የሚጮህ ነገር አለ ብለው ሰምቻለሁ። ለምን እሱን አያደርጉም?

ሜሮን ሀዋሳ
በላይ፣ ፒንገር ይባላል። ባትሪ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው፣ በየተወሰነ ሴኮንድ ይጮሃል። በአሜሪካ ሜይን ባሕረ ሰላጤ ተደርጎ ውጤቱ በ1997 በታተመ ሙከራ የሚያዙት ፖርፖይዞች በ90 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ካሊፎርኒያ ላይም ውጤቱ ጥሩ ነበር።

ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። ፖርፖይዝ ፈሪ ነው፣ ድምፅ ሲሰማ ይሸሻል። ቦትልኖዝ ዶልፊን አይፈራም፣ ይለምደዋል። የባሕር አንበሳ ደግሞ ድምፁን ሲሰማ መረብ ውስጥ ምግብ እንዳለ ያውቃል፣ ጭራሽ ይመጣል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ባትሪውም ያልቃል።

ወደ ልቤ የቀረበው ሌላኛው ሙከራ ነው። ጀርመኖች ፓል የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ዝም ብሎ አይጮህም፣ ፖርፖይዞች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ጠቅታ አስመስሎ ያወጣል። ምዕራብ ባልቲክ ባሕር ላይ የሚያዙት ከ65 እስከ 80 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ይኸው መሣሪያ አይስላንድ ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም። እኔ ከዚህ የተረዳሁት አንድ ባሕር ላይ የሚገባቸው ድምፅ ሌላ ባሕር ላይ አይገባቸውም ማለት ነው። የየአካባቢያቸውን ድምፅ ሳናጠና መሣሪያ ብንሰቅል ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌሎች ደግሞ ኪያ ያለውን መንገድ ሄደዋል። መረቡ ራሱ እንዲሰማ ማድረግ። ከአንድ ሴንቲሜትር የሚያንሱ የአክሪሊክ ዶቃዎች ክሩ ላይ ያያይዛሉ። ዶቃዎቹ ፖርፖይዙ በሚልከው 130 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ጠንከር ያለ ማሚቶ ይመልሳሉ።

ትዕግስት
ስለ ቫኪታ ማንም አላነሳም። እኔን የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።

ቫኪታ የሚኖረው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ላይኛው ጫፍ። ዓይኑ ዙሪያ ኩል የተኳለ የሚመስል ትንሽ ፖርፖይዝ ነው። በ1997 ወደ 567 ነበሩ። በ2024 በተደረገው ፍለጋ የታዩት ከ6 እስከ 8 ናቸው። እሱን የሚፈልገው ሰው የለም። የሚፈለገው ቶቶአባ የሚባል ትልቅ ዓሣ ነው። የሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ቻይና ውስጥ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ለቶቶአባ የተጣለው መረብ ቫኪታውን ይይዘዋል። በ2017 ቀሪዎቹን ይዞ ለመጠበቅ ተሞከረ። አንዲት እንስት በተያዘችበት ዕለት ሞተች፣ ሥራው ቆመ።

የሚቆጥሯቸውም በድምፅ ነው። ቫኪታ ሰው ይሸሻል፣ ማየት ከባድ ነው። ስለዚህ ውሃ ሥር ጠቅታ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተክለው አርማንዶ ሃራሚዮ እና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲያዳምጡ ኖረዋል። የጠቅታው ቁጥር ሲወርድ ነው የእንስሳቱ ቁጥር መውረዱን ያወቁት።

በ2022 የሜክሲኮ ባሕር ኃይል ቫኪታዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ የብረት መንጠቆ ያላቸው የሲሚንቶ ብሎኬቶች ወደ ታች ጣለ። እዚያ መረብ የጣለ ሰው መረቡ ይያዝበታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ክልል መረብ በጣም ቀንሷል። ግልገሎችም ታይተዋል። ተስፋ አልቆርጥም።

የቀይ ባሕር ሰው
እግዚአብሔር ይጠብቃቸው። ትዕግስት ልጄ፣ የከረጢቱ ገዢ እስካለ ድረስ ግን መረቡ አይቆምም። እኔ ፖሊስ ብሆን ጀልባዋን ትቼ ነጋዴውን ነበር የምከተለው።

ሀብታሙ 77
ጋሼ ልክ ነዎት። አንድ ጥያቄ አለኝ ለሁላችሁም። ዓሣ አጥማጅና ዶልፊን ተስማምተው የሚኖሩበት ቦታ የለም?

ዳዊት ናንት
አለ። ደቡብ ብራዚል ውስጥ ላጉና የሚባል ከተማ። እዚያ ዓሣ አጥማጆች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጅ የሚወረወር መረብ ይዘው ይቆማሉ። ዶልፊኖቹ ሙሌት የሚባለውን ዓሣ እያባረሩ ወደነሱ ያመጣሉ። ዶልፊኑ በድንገት ጠልቆ ሲገባ ወይም ጭንቅላቱን ውሃው ላይ ሲመታ ሰዎቹ መረባቸውን ይጥላሉ። የዓሣው መንጋ ይበታተናል፣ ሰውም ዶልፊንም ይይዛል። ከ100 ዓመት በላይ አባት ለልጅ ሲያስተምር ኖሯል። ዶልፊኖቹም ለግልገሎቻቸው እንዲሁ። በ2023 የወጣ ጥናት ሁለቱም እንደሚጠቀሙ በቁጥር አሳይቷል። ለመምህርት የሚሆን ደግሞ ይኸው። ከሰው ጋር የሚያጠምዱት ዶልፊኖች ፉጨት ከማያጠምዱት ይለያል።

እዚያም ቢሆን ዶልፊን በመረብ ይሞታል። የሚገድላቸው የሚወረወረው መረብ አይደለም። ካትፊሽ ለሚባለው ዓሣ ተተክሎ ሌሊቱን የሚያድረው ነው። ሰው አጠገቡ ከሌለ መረብ ውስጥ የገባውን ዶልፊን ማን ያወጣዋል?

ሀብታሙ 77
ይህ ገብቶኛል። አባቴም መረብ ጥሎ ቤቱ አይመጣም ነበር።

ሜሮን ሀዋሳ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኪያ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የቫኪታን ወይም የፖርፖይዝን ጠቅታ ለተማሪዎቼ ማሰማት ይቻላል? ያገኘሁትን ፋይል ስከፍተው ምንም አይሰማም።

ኪያ ሳውንድ
አይሰማም፣ ከጆሯችን በላይ ነው። ግን ቀላል ነው። መጀመሪያ ፋይሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደተቀዳ እይ። በሴኮንድ ከ260,000 ናሙና በላይ ካልሆነ ድምፁ ውስጡ የለም። ካለ ግን ፍጥነቱን በ10 እጥፍ ቀንሺው። 130 ኪሎኸርትዝ የነበረው 13 ይሆናል። ልጆቹ ቀጭን ጠቅታ ይሰማሉ። የክፍሉ ስፒከር ትንሽ ከሆነ በ20 እጥፍ ቀንሺው፣ 6.5 ላይ በደንብ ይወጣል። ፋይሉን በመልእክት ላኪልኝና አዘጋጅቼ እመልስልሻለሁ።